አንድ እሳት፣ ሁለት ቢላዋ

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ጋንታችሁ ጉብታውን ትይዛለች፤ እስክትቀየሩ ድረስ አትለቁም።» ጉብታው ስም አልነበረውም፤ ካርታ ላይ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ሆነን ወጣን። በማግስቱ ምሽግ መቆፈር ጀመርን። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ሰው የሚያስቆም ጉድጓድ ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብን።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። የምጽፈው ስለ ጀግንነት አይደለም። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከዘመቻው በፊትም ላንቻ ጎማ እጠግን ነበር፣ አሁንም እዚያው እጠግናለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ወሬ ነው። «የካዛንቺሱ ከድር ግንባር ላይ እሳት አንድዶ ሦስት ጓደኞቹን በመድፍ አስፈጀ» ይባላል። በቅርቡ ባምቢስ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ያኔ ገና ያልተወለደ ጎረምሳ ይህንኑ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ወሬው ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው ሦስቱን ማን እንዳስገደላቸው ስለማውቅ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከድር ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሽንኩርት ከመላጥ ተነስቶ የዋናው ምግብ አብሳይ ረዳት እስከ መሆን ደርሷል። ሲዘምት የወጥ ቤት ጓደኞቹ አንድ ትልቅ ጥቅል ፎይል ሰጡት፤ ያ ምግብ የሚጠቀለልበት ብርማ ወረቀት። እሱም ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ በታች ሸጉጦ ግንባር ድረስ ይዞት መጣ። መጀመሪያ ያየው ዳዊት ነው። ዳዊት የከድር የግቢ ልጅ ነው። ሁለቱ በአንድ የቀበሌ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ ነው ያደጉት፤ እናቶቻቸው በር ለበር ይኖራሉ። ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነበር።

«ሰው ትርፍ ጥይት ይሸከማል፤ ይሄ የሆቴል ወረቀት ይሸከማል!» አለ። «ጠላትን ጠቅልለህ ልታመጣልን ነው?»

ከድር ጥቅሉን መልሶ ሻንጣው ውስጥ ሸጎጠ። ቀልድ ሲበዛበት ዝም የሚል ሰው ነበር።

ስንቅ የሚመጣበት መንገድ በቀን በመድፍ ይመታል። አንዳንዴ አራት ቀን ምንም አይደርሰንም። ኮቾሮ እንበላለን። ኮቾሮ የወታደር ደረቅ ዳቦ ነው፤ ውሃ ውስጥ ካልዘፈዘፉት ጥርስ ያወልቃል። በሁለተኛው ሳምንት ድንች፣ ሽንኩርትና ሁለት ፍየል መጣልን። ፍየሎቹ ሁለት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ከሠላሳ አንዳችን አስራ አንዱ ሙስሊሞች ነበሩ። ፍየሉ ሁለት፣ ድስቱ ግን አንድ ሆነ።

ማን ይቅደም በሚል ክርክር ተነሳ። የአንዱ ሥጋ የተቀቀለበት ድስት ውስጥ ሌላው አይቀቅልም፤ አጥቦ እንዳይጠቀም ደግሞ ውሃችን የመጠጥ ብቻ ነው። አብረን ቆፍረን፣ አብረን ተኝተን፣ በድስት ልንጣላ ሆነ። የጋንታው መሪ መቶ አለቃ በላቸው ብስጭት አሉ።

«ጠላት አላንስ ብሏችሁ በድስት ልትታኮሱ ነው?»

ያን ጊዜ ከድር ተነሳ። «ድስቱን ተዉት፣ መቶ አለቃ። እኔ ሁሉንም በአንድ እሳት አበስላለሁ። አንዱ የአንዱን ሳይነካ።»

ሁለት ቢላዋ አወጣ። አንዱን ራሱ ያዘ፤ የሙስሊሞቹን ፍየል በእሱ አረደ። ሌላውን ለእኔ ሰጠኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው «ጎሚስታ ስለት ይችላል፤ ደግሞ አታወራም» አለኝ። የክርስቲያኖቹን እኔ አረድኩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅዳጅ ፎይል ዘረጋን። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ሥጋ፣ ጨው፣ ካለ ቁንጥር በርበሬ። ጠቅልለን ጫፉን መጠምዘዝ ነው። የክርስቲያኑ በአንድ በኩል፣ የሙስሊሙ በሁለት በኩል ይጠመዘዛል። በእጅ ብቻ ዳብሰህ ትለየዋለህ።

እሳቱን የሚያነድደው ከጉብታው ጀርባ ነው፣ ጠላት በማያየው በኩል፣ ወገብ ድረስ በሚያስገባ ጉድጓድ ውስጥ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሸለቆው በጭጋግ ሲሞላ ይለኩሰዋል። ጭሱ ከጭጋጉ ጋር ይቀላቀላል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ጉድጓዱ ውስጥ ፍም ብቻ ይቀራል። ጥቅሎቹን ፍሙ ላይ ደርድሮ፣ ፍም ጨምሮባቸው፣ አፈር ያለብሳል። አራት ሰዓት ሲሆን ይቆፍራቸዋል። እንዲህ አምስት ሳምንት ቆየን፤ ሥጋ ሲገኝ በሥጋ፣ ሳይገኝ ድንችና ሽንኩርት ብቻ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጥይት እንኳ ወደዚያ ጉድጓድ አልተተኮሰም። ይህን ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ ጥቅሌን ስፈታ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሥጋው በራሱ ስብ ርሷል፤ ድንቹ በጣት ይፈርሳል። ጣቴን እያቃጠለኝ በላሁ። ዳዊት ፎይሉን ላሰና «ካዛንቺስ ሸተተኝ» አለ። ወሬው በአጭር ጊዜ ከጋንታ ጋንታ ሄደ። ጎረቤት የሰፈሩት «ሆቴሎች» ብለው ሰየሙን። አንድ ቀን የሌላ ጋንታ ሰው መጥቶ፣ ግንባር ላይ ይህ ሁሉ ቅምጥልነት ምን ይሠራል ብሎ ከድርን ጠየቀው።

«እንደ አይጥ ጉድጓድ ቆፍረን ገብተናል» አለው ከድር። «መንገዱን ዘግተውብናል። መብላት ግን እንደ ሰው ነው የምንበላው። በቃ።»

ያን ቀን ኮራሁበት። ዛሬም እኮራበታለሁ።

ጥቅሉ እያለቀ ሲሄድ ከድር አዲስ ደንብ አወጣ። አንዱ ቅዳጅ ሦስት ጊዜ ይሠራል። የተበላበት በአመድ ይታሻል፣ በጥቂት ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እንዳይነካካ በሁለት ክምር ይቀመጣል። ማድረቂያችን ምሽጉ ውስጥ የተደረደሩ ባዶ የጥይት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ ሳጥን ለእነሱ፣ አንዱ ለእኛ። የማጠቡ ተራ በየቀኑ ይዞራል።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ተራው የእኔ ሆነ። ሥጋ የመጣበት ቀን ነው። የትናንቱን ፎይል አጥቤ ስጨርስ ሳጥኖቹ የሉም፤ ጥይት ሊሞላባቸው ወደ ኋላ ወርደዋል። ምሽጉ ጠባብ ነው። መሬት ላይ ባነጥፈው የአንዱ ከአንዱ ይነካካል፤ ያ ሁሉ የከድር ጥንቃቄ ከንቱ ሊቀር ነው። ከጉብታው በስተምሥራቅ ትከሻው ላይ አንድ ሰፊ ድንጋይ አለ፤ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ላንቻ አጥቤ የማወጣውን የውስጥ ጎማ ሁሉ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው የማደርቀው። እጄ የለመደውን አደረገ። ፎይሉን ድንጋዩ ላይ በሁለት መስመር ዘረጋሁት፤ በግራ የእነሱ፣ በቀኝ የእኛ። ነፋስ እንዳይወስደው በየጫፉ ጠጠር ጣልኩበት። አለመነካካቱን አረጋገጥኩ። ከጠላት በኩል እንደሚያበራ አላሰብኩም።

ዳዊት ጥቅሉን ከከድር ተቀብሎ ሲመጣ አየኝ። «ጎሚስታው ሱቁን ከፈተ!» አለ። እግሩን አነሳልኝ። «የኔም ጫማ ነፋስ ጎድሎታል፣ ሙላልኝ።» ከእሱ ጋር የነበሩት ሽፈራውና ቶላ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሦስቱ ድንጋዩን ተደግፈው ቁጭ አሉና ጥቅላቸውን ፈቱ። እኔ ውሃ የያዝኩበትን ጣሳ ልመልስ ወደ ምሽጉ ወረድኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የመጀመሪያው መድፍ ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊት። «ያዝ መሬት!» ሲባል ሰማሁ። ሦስተኛው ድንጋዩ ላይ አረፈ። ከዚያ አራት ተከታተሉ፤ ሁሉም በዚያው ትከሻ ላይ። ከዚያ ዝም አለ።

በእንብርክኬ ወጣሁ። ሽፈራውና ቶላ ወዲያው አልፈዋል። ዳዊት እስክደርስበት ይተነፍስ ነበር፤ ስደርስበት አልነበረም። ጥቅሉ ከደረቱ ሥር ነበር። ቀና ስል ፎይሎቹ አጠገቡ ባለው የእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ተበታትነው፣ ፀሐይ መትቷቸው ያንፀባርቃሉ። ዓይኔን መቱኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ጉብታው ጀርባ ሮጬ ጉድጓዱን አየሁት። አንድ ድንጋይ አልተነካም። የቀሩት ሰዎች ጥቅል አፈር ለብሶ እንደተቀመጠ ነው።

መቶ አለቃ በላቸው ከድርን በስም ጠሩት። «ይኸው እሳትህ!» አሉት።

«መቶ አለቃ፣ ጭሱ ከጭጋጉ በፊት ጠፍቷል።»

«ዝም በል! ትጥቅህን ፍታ!»

ከድር ቀበቶውንም መሣሪያውንም አስረከበ። መቶ አለቃ ሬዲዮውን ይዘው ለበላይ አመለከቱ፦ በእሳት ጭስ ምክንያት ቦታችን ታወቀ፣ ሦስት ሞቱ፣ ተጠያቂው ተይዟል። እኔ ከእሳቸው አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ። አፌን አልከፈትኩም። ፈራሁ። ጦር ሜዳ ላይ ሰው ያስገደለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ያ ዕጣ ለከድር ሲሆን ቆሜ አየሁ።

ሦስቱን ቀበርን። የዳዊትን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አፈር ላለብሰው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ መቶ አለቃ ፊት ቆምኩና ተናገርኩ። ድንጋዩን አሳየኋቸው፤ ከእሾኹ ላይ ከለቀምኳቸው ፎይሎች አንዱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ፀሐይ ይዘው አገላበጡት።

«ሪፖርቱ ሄዷል» አሉ በመጨረሻ። «ነገ አስተካክለዋለሁ። ያንተን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ከድር በጠባቂ ሥር ወደነበረበት ጉድጓድ ሄድኩ። «ከድር፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ስትዘረጋው ባላይም ፎይሉን እሾኹ ላይ አይቻለሁ፤ የማጠቡ ተራ ደግሞ ያንተ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ እንድትናገር ነው የጠበቅኩት።» ቀና ብሎ አየኝ። «ስድስት ሰዓት ፈጀብህ።»

ይቅር አልኩህ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል፣ የጠላት ወታደሮች ጭጋጉን ተገን አድርገው መጡ። መቶ አለቃ «ለከድር ትጥቁን ስጡት!» ብለው ጮኹ። የመጀመሪያውን ማጥቃት መለስን። ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛው መጣ። መቶ አለቃ በላቸው እዚህ ላይ ወደቁ። ሬዲዮው ተመታ። ጥይት እያለቀ ሄደ። ከድር ጉብታው ትከሻ ላይ፣ ያ ድንጋይ በነበረበት ቦታ፣ ለብቻው ይዞ ቆየ። «ከዚህ አያልፉም!» ሲል ሰምቼዋለሁ። አላለፉም። ሦስተኛውን ማጥቃት ስንመልስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ስጠራው አልመለሰልኝም። ሄጄ አየሁት። ደረቱን ተመትቷል።

እኔ እግሬን ተመትቼ ወደ ኋላ ወረድኩ። የመቶ አለቃ «ነገ» ሳይመጣ ቀረ። የተላከው ሪፖርት እንደተላከ ቀረ፤ እውነቱን የሰሙ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ከዓመት በላይ ቆይቼ ተሰናብቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ከዚያው ግንባር ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው ይዞት የመጣው። የከድር መርዶ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁለት ልብ ሆነ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት የእናቱ የእትዬ ዘይነባ ዘመዶችና ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈር ያለው ሰው ያውቀዋል። ከሁሉ የከፋው የዳዊት እናት የእትዬ አስካለ ነው። በር ለበር እየኖሩ ለቅሶ አልደረሱም። ቧንቧ ላይ ሲገናኙ ጀርባቸውን ይሰጧቸው ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኳቸው የሰፈር ሽማግሌ ተቆጡኝ። «ለጓደኛህ ብለህ ራስህን አታዋርድ። የሞተው ሞቷል፤ አንተ ነገ ሚስት ታገባለህ፣ ልጅ ታሳድጋለህ። ተወው።» አልተውም አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢው ሄድኩ፤ መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላለቀሱም። «እኔ ልጄን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት።» በጣታቸው ፊት ለፊት ያለውን በር አሳዩኝ።

እትዬ አስካለ ምስር እየለቀሙ ነበር። ሳይጋብዙኝ ቁጭ አልኩ። ከፎይሉ አጠባ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ሁለቱን መስመር፣ ጠጠሮቹን፣ ድንጋዩን፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለቴን። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ግን አላመኑኝም።

«ጥሩ ልብ አለህ» አሉኝ። «ለሞተ ጓደኛህ ትዋሻለህ። እኔ ግን በልጄ ደም አልሸነገልም።»

«አልዋሸሁም፣ እትዬ።»

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «በልቶ ነበር?»

ጨርሷል ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ሊዋሽ የመጣ ሰው አልነበርኩም።

«ግማሹን ነው የበላው። ድንቹን ጨርሶታል። ሥጋውን አልነካውም፤ ፎይሉ ላይ ወደ አንድ ጠርዝ ሰብስቦ አስቀምጦት ነበር።»

የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጡ። «ለመጨረሻ ነው» አሉ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። የሚወደውን ለመጨረሻ ነው የሚያስቀረው። ይህን ለማንም አልነገርኩም።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ድምፅ አላወጡም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሲነሱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በሩ ላይ ደርሰው ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተን ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አሉኝ። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ እንደሚያደርገው፣ ከእትዬ ዘይነባ በር ሳይደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከድሬ! የኔ ልጅ ከድሬ!» አሉ። በየቤቱ በር ተከፈተ።

እናቶቹ ታርቀዋል። ወሬው ግን አልሞተም፤ ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩት። በዚያ ጉብታ ላይ አስራ ሁለት ሰው ቀርቷል። ዘጠኙ በዓርቡ ውጊያ የወደቁ ናቸው። ከድር ከዘጠኙ አንዱ ነው። የተቀሩት ዳዊት፣ ሽፈራውና ቶላ ናቸው። የገደላቸው መድፍ ነው እያሉ ሊያጽናኑኝ የሚፈልጉ አሉ፤ አልቀበልም። መድፉ የተተኮሰው እኔ ወዳሳየሁት ቦታ ነው። ሦስቱን በእኔ ላይ ጻፉ። ከድርን ግን ተዉት፤ እሱ ያበላን ሰው ነው።